ተራ እስኪደርስ ልብን ማቆየት

ስሙኝማ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ወረፋ ነው። የነዳጅ ወረፋ አይደለም፣ የዳቦም አይደለም፤ ያን ሁላችሁም ቆማችሁበታል። የእኔው ወረፋ ቆመው የማይጠብቁት ነው። ቤት ገብተው፣ አርሰው፣ አጭደው፣ ልጅ ድረው፣ ለቅሶ ደርሰው የሚጠብቁት ነው። የልብ ስፔሻሊስት እስኪያይ፣ ከዚያም ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ዓመታት ሊሄዱ ይችላሉ። አገሩ ደግሞ ኮላ ድባ ነው።

ኮላ ድባን ለማታውቁ፣ ከጎንደር ወጥታችሁ አዘዞ ስትደርሱ መንገዱ ይከፋፈላል። የመተማውን ትታችሁ፣ የባሕር ዳሩንም ትታችሁ፣ የጎርጎራውን ያዙ። ከጎንደር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ስትርቁ የደንቢያ ሜዳ ላይ የምታገኟት ከተማ እሷ ናት። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ጤፍ ይበቅልበታል፣ ሽንብራና ጓያ ይበቅልበታል፣ ነጭ ሽንኩርቱና በርበሬው እስከ ሩቅ ገበያ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ውሃው ሜዳው ላይ ይተኛል። ውሃ በተኛበት ደግሞ ቢምቢ አለ። ታሪኩን የምጀምረው ከቢምቢው ነው፤ ታገሱኝ፣ ልቡ ጋ እደርሳለሁ።

በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ 1953 ማለት ነው፣ ወባ ደንቢያን ፈጀው። ያለቀው ሰው ወደ 7 ሺህ እንደሚጠጋ ይነገራል። ገበሬው እህሉ ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ ራሱ ወደቀ። ሐኪም ጋ ልውሰድ ያለ በቃሬዛ ተሸክሞ ጎንደር መድረስ ነበረበት፤ ተሸካሚውም ነገ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። ያኔ ወረፋ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ወረፋ የሚይዘው ከፊት ስም የሚጠራ ሲኖር ነው።

ከዚያ መከራ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ተባብረው ነው የከፈቱት። ያሰቡት ነገር ደፋር ነበር። አገሪቱ በጣት የሚቆጠር ሐኪም ነው ያላት፤ ሐኪም እስኪበዛ እንጠብቅ ካሉ ሰው ያልቃል። ስለዚህ ሦስት ዓይነት ባለሙያ በቡድን አሠልጥነው ወደ ገጠር ሊልኩ ተነሱ፦ የሚመረምርና የሚያክም ጤና መኮንን፣ እናትና ሕፃን የምትከታተል የማኅበረሰብ ነርስ፣ ምንጭና መጸዳጃ የሚያይ ሳኒታሪያን። ተማሪዎቹ የተግባር ትምህርታቸውን ከሚወስዱባቸው ጤና ጣቢያዎች አንዱ ኮላ ድባ ሆነ። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ኮሌጅ የበቀለ ነው። እናም የደንቢያ ሰው ‘ዩኒቨርሲቲውን ያስመጣነው በሬሳችን ነው’ ቢል የሚከራከረው ያለ አይመስለኝም።

ወባውማ በዚያ አላበቃም። በፈረንጆቹ 1958 ከዚያ የባሰ መጣ፤ የአገሪቱን ደጋና ወይና ደጋ አዳርሶ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው አሳመመ፣ 150 ሺህ ያህል ገደለ ተብሎ ተመዝግቧል። ግን እሱን አልፈዋለሁ። የእኔ ነገር ጤና መኮንኖቹ ኮላ ድባ ላይ የተማሩት ቁም ነገር ነው። በሽተኛው የሚድነው ትልቁ ሐኪም ጋ ሲደርስ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አጠገቡ የሚያየው ሰው ሲኖር ነው። በ1971 ዓ.ም. አካባቢ ጎንደር ከላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፍት፣ ሐኪም ማስተማር ተጀመረና የጤና መኮንኑ ትምህርት ቆመ። የሚገርማችሁ፣ በዚያው ዘመን በፈረንጆቹ 1978 የዓለም መንግሥታት አልማ አታ ላይ ተሰብስበው ‘ጤና ከሰፈር ይጀምር’ ብለው ተስማምተዋል። ኮላ ድባ ያንን ነገር ከሃያ ዓመት በላይ ቀድማ ይዛው ነበር። የጤና መኮንኑ ትምህርት ከዓመታት በኋላ ተመልሷል፤ ደግ ነው የተመለሰው።

አሁን ልጅቷን አስቡልኝ። ስም አልሰጣትም፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ስለሆኑ እኔ ለትረካዬ ከእነሱ አሰባስቤ የሠራኋት ናት። 11 ዓመቷ ነው እንበል፤ ቤታቸው ከኮላ ድባ ወጣ ብሎ በእግር ሰዓት የሚፈጅ ቀበሌ ነው። ደንቢያ ሜዳ ነው ብያችኋለሁ፤ ልጅቷ ግን ሜዳው ላይ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ሁለት ሦስት ጊዜ ጀሪካኑን አውርዳ ቆማ ትተነፍሳለች። እናቷ ጤና ጣቢያ አመጣቻት።

«ሲስተርዬ፣ ይች ልጅ ትንፋሽ አጠራት።»

«ከዚህ በፊት አሟት ያውቃል እናቴ?»

«አምና ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟት ነበር። ጉልበቷ ሲሻላት ክንዷ ያብጣል፤ ክንዷ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ። ምች ነው ብለን ዳማ ከሴ አሸንላት። ለቀቃት።»

«ከዚያ በፊትስ ጉሮሮዋን አላመማትም?»

«የጉሮሮውማ እንጥሏ በሕፃንነቷ ተቆርጧል፤ ጉሮሮ እንዳያማት ብለን።»

ሲስተር ይሄኔ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለምን እንዳስቀመጠች ልንገራችሁ። ጉሮሮን ከሚያቆስሉት ጀርሞች አንዱ ስትሬፕቶኮከስ ይባላል። እንጥል ቢቆረጥም ባይቆረጥም እሱ ቦታ አያጣም። ጀርሙን በፔኒሲሊን በጊዜው ካላጠፉት ሰውነት ራሱ ሊዋጋው ይነሳል፤ በውጊያው መሃል ጠላትና ወዳጅ ይሳሳትና የራሱን መገጣጠሚያ፣ ከዚያም የራሱን ልብ ይመታል። የመገጣጠሚያው እብጠት ሄዶ ይጠፋል፤ ዳማ ከሴውም ምስጋናውን ይወስዳል። የልቡ ግን ይቀራል። ልብ ውስጥ ደም ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈቱና የሚዘጉ በሮች አሉ፤ ከእነዚያ አንዱ ይቆስልና ሲድን ይጨማደዳል፤ ወይ በደንብ አይዘጋም፣ ወይ በደንብ አይከፈትም። ሐኪሞች ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚሉት ይህንን ነው። የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው፤ የሚበዛውም ቤት ጠቦ ብዙ ልጅ አንድ መደብ ላይ በሚተኛበት አገር ነው።

ሲስተር ሪፈር ጻፈች። እዚህ ላይ ወረቀቷን አትናቁብኝ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለው ቤተሰብ ጎንደር ሄዶ እንዲታከምለት ደረጃውን ጠብቆ መሄድ አለበት፤ ከጤና ጣቢያ፣ ከዚያ እዚያው ኮላ ድባ ካለው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ ጎንደር። ደረጃ ዘሎ የሄደ ከኪሱ ይከፍላል። መድኑ በኢትዮጵያ በሙከራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሆን፣ ከአማራ ክልል ጎረቤታችን ፎገራ አንዱ ነበር። መድኑ ምርመራውን ይችላል። አውቶቡሱን፣ ባጃጁን፣ የአስታማሚውን ምሳ፣ ዘመድ ለሌለው ማደሪያውን ግን አይችልም። ደህና እናት ስለዚህ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ነው የምትወጣው። ደህና ጎረቤት ደግሞ እሷ ጎንደር ስትሰነብት ማሳውን በደቦ ያርምላታል። ኢኮኖሚስት ብሆን ኖሮ ይህንን ደቦ የጤና በጀት ውስጥ አስገባው ነበር።

ጎንደር ላይ ካርድ ወጣ፣ ቀጠሮ ተያዘ፣ ቀጠሮው ደረሰ፣ ኤኮ ተነሳች። የልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው፤ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ በስክሪን ይታያል። ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳ፤ መድኃኒት አለ፣ ክትትል አለ፣ ነገር ግን በሩ መጠገን ወይ መቀየር አለበት፤ ለዚያ አዲስ አበባ ትላካላችሁ፤ እስክትጠሩ ትጠብቃላችሁ አለ።

እናትየው የጠየቀችው ጥያቄ ሁላችንም የምንጠይቀው ነው። «ስንት ጊዜ?»

ሐኪሙ ቀን አልነገራትም። ሊነግራትም አይችልም፤ ምክንያቱን ስሙ። በኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን ጉዳይ ይዘው የተነሱት የሕፃናት ልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ ናቸው። የልጆቹ መርጃ ማኅበር የተመሠረተው በፈረንጆቹ 1989 ነው። ያኔ ቀዶ ሕክምናው አገር ውስጥ ስላልነበረ ልጆቹን ገንዘብና ለጋስ እየፈለጉ ወደ ውጭ መላክ ነበር ሥራው። የልብ ሕክምና ማዕከሉ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ተሠርቶ የተመረቀው በ2009 በፈረንጆቹ ነው፤ ሃያ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። መጀመሪያ ከውጭ የሚመጡ የሐኪም ቡድኖች ለጥቂት ቀናት እየመጡ ይሠሩ ነበር፤ በኋላ ኢትዮጵያውያን ቀዳጅ ሐኪሞች ተተኩ። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከመላ አገሪቱ የሚላኩት ልጆች በሺዎች ይቆጠራሉ። ልብ ሲከፈት ደሙን ከሰውነት ውጭ የሚያዞረው ማሽን ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ ዕቃ ይፈልጋል፤ ተጠቅመው የሚጥሉት ነው፤ ከውጭ ነው የሚገዛው፣ በዶላር። የሚቀየረው በርም ከውጭ ነው የሚገባው። ልጁ ከቀዶ ሕክምና ሲወጣ የሚተኛበት የፅኑ ሕሙማን አልጋ ካልተለቀቀ ቀዳጁ እጁን ታጥቦ ቢቆምም ሥራ የለም። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ወረፋው ቆመ ማለት ነው። ደግሞም የባሰበት ይቀድማል፤ መቅደምም አለበት። የአንድ ልጅ ተራ ወደ ኋላ የሄደው ሌላ ልጅ ሊሞት ስለተቃረበ ሊሆን ይችላል። ይህን ለእናት ማስረዳት ከባድ ነው፤ አለማስረዳት ግን የባሰ ነው፤ ካልተነገራት ገንዘብ ያለው ቀደመኝ ብላ ነው የምታስበው።

እንግሊዝ አገር ያሉ ዘመዶቻችን የሚስቁብን እንዳይመስላችሁ፤ እነሱም ይጠብቃሉ። እዚያ በሽተኛ ወደ ስፔሻሊስት ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ18 ሳምንት ውስጥ ሕክምናው ይጀመርለት የሚል መለኪያ አለ። መለኪያው ከ2016 በፈረንጆቹ ወዲህ አልተሟላም፤ ተጠባባቂውም ከ7 ሚሊዮን ያለፈበት ጊዜ ነበር። ልዩነቱ የእነሱ ወረፋ መቆጠሩ ነው። በየወሩ ቁጥሩ ይወጣል፣ ጋዜጣው ይጮሃል፣ ሚኒስትሩ ይጠየቃል። የእኛዋ ልጅ ወረፋ ያለው እናቷ ፌስታል ውስጥ ባለች አንዲት ወረቀት ላይ ነው።

እንግዲህ ጠላትም ወዳጅም ይስማኝ፣ የእኔ ነገር እዚህ ላይ ነው። ወረፋውን ማሳጠር የአዲስ አበባ ሥራ ነው። ልጅቷን በወረፋው ውስጥ በሕይወት ማቆየት ግን የኮላ ድባ ሥራ ነው። ሰው ‘ቀጠሮ ይዤ እየጠበቅሁ ነው’ ሲል እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ይመስለዋል። የልብ ወረፋ እንደዚያ አይጠበቅም።

ዋናው መርፌው ነው። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይባላል፤ መቀመጫ ላይ በጥልቀት የሚወጋ፣ የሚያም መርፌ ነው። በየሦስት ወይ በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት ይወሰዳል። የተበላሸውን በር አይጠግንም። አዲስ የጉሮሮ ጀርም መጥቶ የቆሰለውን እንዳያቆስለው ግን ይጠብቃል። ዑጋንዳ ጉሉ ላይ በሽታው ገና ያልጠናባቸውን ወደ 800 የሚጠጉ ሕፃናት ለሁለት ዓመት ተከታትለው ነበር፤ ግማሾቹ መርፌውን በየአራት ሳምንቱ ወሰዱ፣ ግማሾቹ አልወሰዱም። በሽታው የባሰባቸው ካልወሰዱት 33፣ ከወሰዱት 3 ብቻ ሆኑ። ያን መርፌ ለመውጋት የልብ ስፔሻሊስት አያስፈልግም። ነርስ ትበቃለች፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ።

እናትየው ብልህ ስለሆነች መርፌውን በሚካኤል ልታስታውሰው አሰበች፤ ወር በገባ በ12። ሲስተር ግን እምቢ አለች። «በሚካኤል ከሆነ ሠላሳ ቀን ይሆናል እናቴ፤ የእኛ 28 ነው። ሁለት ሁለት ቀን እየተንሸራተተ ይርቃል። በገበያ ቀን እናድርገው። አራት ሳምንት ሲሞላ ምንጊዜም ያው ቀን ላይ ነው የሚውለው፤ እርስዎም ለገበያ መምጣትዎ አይቀርም።» ይህችን ሲስተር የሚኒስቴር አማካሪ ባደርጋት ደስ ይለኛል።

አንዳንድ ቦታ ባለሙያው መርፌውን መስጠት ይፈራል። ሰው ተወግቶ ወደቀ ሲባል ሰምቷል። የፔኒሲሊን አለርጂ እውነት ነው፤ ብርቅ ቢሆንም አለ፤ ስለዚህ ከመውጋት በፊት ይጠየቃል፣ ከተወጋ በኋላም ለግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ተቀምጦ ይታያል፣ የድንገተኛ መድኃኒቱም እጅ ላይ ይሁን። ልቡ እጅግ ለደከመ በሽተኛ ደግሞ ሐኪሙ መርፌውን በሚዋጥ ፔኒሲሊን ሊቀይረው ይችላል። ያ የሐኪሙ ውሳኔ ነው። ‘እኔ ጋ ባይሞትብኝ’ ብሎ በሽተኛን መሸኘት ግን ውሳኔ አይባልም፤ ልጅቷ ሳትወጋ የቀረችበት ወር የሚያስከትለው ከዓመት በኋላ ነው የሚታየው፣ ያኔ ደግሞ ማንም አይጠየቅበትም።

ከመርፌው ቀጥሎ ምግቡ። ልቡ የደከመ ሰው ጨው መቀነስ አለበት ይላል ሐኪሙ። ጎንደር ላይ ሲሰሙት ቀላል ነው። ቤት ሲገቡ ግን በርበሬው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም እንደዚያው። ጨው የማይበላ ልጅ ለማብላት ለብቻው ሽሮ ማስፈጨት፣ ለብቻው ድስት መጣድ ሊያስፈልግ ነው፤ ያውም ስድስት ልጅ ባለበት ቤት። አያትየዋ ‘ልጂቱን በአልጫ ገደላችኋት’ ማለቷ አይቀርም። ውሃ የሚያወጣው ክኒን፣ ላዚክስ የሚሉት፣ ሽንት ያመላልሳል፤ ትምህርት ቤት ልጅቷ ታፍራለች፤ አፍራም ትተወዋለች። መምህሩ ካልተነገረው ልጅቷን ሰነፍ ይላታል። ስለዚህ ተራ የምትጠብቅ ልጅ ያለችበት ቤት ለመምህሩ መንገር አለበት፤ ጥርስ ከመነቀሏ በፊትም ለሚነቅለው ባለሙያ መንገር አለበት፣ ከአፍ የሚገባ ጀርም የቆሰለ በር ላይ ቶሎ ይሰፍራልና።

ስለ ጠበል ሳልናገር ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። የጎንደር ሰው ታሞ ጠበል አልሄደም ማለት ከጎንደር አይደለም ማለት ነው። ተስፋ ይሰጣል፤ በወረፋ መሃል ተስፋ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ ጠበል ገብቻለሁ ብሎ ክኒን መተው ሰው ገድሏል፤ አስተዋይ የንስሐ አባት ‘ተጠመቂ፣ መድኃኒትሽንም ዋጪ፤ ሁለቱም ከእግዚአብሔር ነው’ ይላል፤ በጾም ወራትም ለታመመ ልጅ ይፈቅዳል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ልቡ ደክሞ ሰውነቱ ውሃ የቋጠረ ልጅ፣ ጠበል በጆግ በጆግ ጠጣ ቢባል ውሃው የሚያርፈው ሳንባው ላይ ነው። መጠመቁ ይቅርብሽ የሚል የለም፤ መጠጣቱ ግን ለበረከት በጥቂቱ ይሁን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ልጅቷ 11 ዓመቷ ነው ብያለሁ። ወረፋው ሲረዝም 13 ይሆናታል፣ 15 ይሆናታል። በደንቢያ የሴት ልጅ ዕድሜ በሐኪም ቤት ካርድ ብቻ አይቆጠርም። ሕጉ 18 ይላል፤ ሽማግሌ ግን ከዚያ በፊት ሊመጣ ይችላል። ዘመድ ‘ትዳር ስትይዝ ይሻላታል፣ ጭንቀት ነው’ ይላል። ልጅቷ ስታረግዝ በሰውነቷ የሚዞረው ደም ወደ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ በደንብ የማይከፈት በር ያለበት ልብ ያንን ሁሉ ደም ማሳለፍ አይችልም። የልብ ሕመሟ ሳይታወቅ አግብታ፣ መጀመሪያ የታወቀው ምጥ ላይ የሆነባት ሴት በየሆስፒታሉ ሞልታለች። ለዚህ ነው የጤና ኤክስቴንሽኗ ከየትኛውም ስፔሻሊስት የምትበልጠው። ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የታሰበው ለክትባት፣ ለመጸዳጃ ቤት፣ ለእናቶች ነበር፤ ነገር ግን የትኛዋ ልጅ ልቧን እንደምትታከምና የማን ቤት ሽማግሌ እንደገባ አንድ ላይ የምታውቅ ብቸኛዋ የመንግሥት ሠራተኛ እሷ ናት። ያን ወሬ በጊዜ ለሲስተር ካደረሰች ልጅቷ ተረፈች።

ሌላው የስልክ ነገር ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ተራ ሲደርስ በስልክ ነው የሚጠራው። ስልኩ የአጎቷ ነበር፤ አጎቷ ለሥራ መተማ ወረደ፤ ሲም ካርዱ ጠፋ። ተራው ደርሶ ‘የደወሉላቸው ደንበኛ ማግኘት አይችሉም’ ተብሎ ወደሚቀጥለው ታለፈ እንበል። ማን ላይ ይፈረዳል? ስለዚህ ቁጥር የሰጣችሁ ሰዎች፣ ሁለት ስጡ፤ አንዱ የጤና ጣቢያው ይሁን። ሲቀየር ሄዳችሁ አስቀይሩ። የኤኮውን ወረቀት፣ ሪፈሩን፣ የመድኑን ካርድ አንድ ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ አይጥና ዝናብ ከማይደርስበት ስቀሉት፤ ፎቶውንም ልጅ በስልክ ያንሳው።

ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ ደግሞ ክልላችን ውስጥ በተነሳው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ቀን መጣ። ጠዋት ክፍት የነበረ መንገድ ከሰዓት ይዘጋል፤ ቀጠሮ ያለው በሽተኛ መናኸሪያ ውሎ ይመለሳል። ያመለጠ ቀጠሮ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ወረፋው ጭራ ይመልሳል። በሽተኛው በጥፋቱ አልቀረም፤ የቀጠሮ ክፍሉ መንገድ ተዘግቶ የቀረን ከዘንግቶ ከቀረ ለይቶ ቢያይ ወጪ የለውም፤ ከኮላ ድባ አንድ ደብዳቤ ወይ አንድ ስልክ ይበቃል።

መቼ ነው ታዲያ ወረፋውን የማንጠብቀው? ልጅቷ ጋደም ስትል አየር አጥሯት ቁጭ ብላ ማደር ከጀመረች፣ እግሯ ወይ ሆዷ ካበጠ፣ ልቧ ያለ ሩጫ እየዘለለ አልረጋ ካለ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ካሳላት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ቀናት ከቆየባት፣ ፊቷ ከተጣመመ ወይ አንድ እጇ ከሰነፈ፣ ቀጠሮዬ ገና ነው አይባልም። ወደ ቅርቡ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል፣ በዚያው ሌሊት። ‘ገና ተራችን አልደረሰም’ ብለው ቤት የሚያስታምሙ ሰዎች አሉ፤ ለድንገተኛ ተራ የለውም።

እንግዲህ ልጅቷ ቆየች እንበል፤ መርፌዋን ሳታቋርጥ፣ ሽሮዋ ተለይቶ፣ ሽማግሌው በኤክስቴንሽኗ ብልሃት ‘ትምህርቷን ትጨርስ’ ተብሎ ተመልሶ፣ ስልኩም ሠርቶ ተጠራች። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ አዲስ አበባ ገባች። በሩ ተቀየረ፤ ሜካኒካል የሚሉት ዓይነት ተተከለላት። ተሽሏት ተመለሰች። እናትየው ከጎተራዋ ጤፍ አውጥታ ጠላ ልትጠምቅ ነው፤ ሲስተርንም ልትጠራ ጤና ጣቢያ መጣች።

«መርፌውማ አበቃ፣ አይደል ሲስተርዬ?»

«አላበቃም እናቴ። የቀሩት በሮች እንዳይቆስሉ መርፌው ይቀጥላል። አሁን ደግሞ ዋርፋሪን የሚባል ክኒን አለ፤ አዲሱ በር ላይ ደም እንዳይረጋ በየቀኑ ትውጣለች፣ ዕድሜ ልኳን። ሲበዛ ያደማል፣ ሲያንስ ይረጋል፤ ስለዚህ ደሟ በየጊዜው ይለካል። ለእሱ ጎንደር ቀጠሮ አስይዘንላታል።»

እናትየው ለአፍታ ሲስተርን አየቻት።

«ሌላ ወረፋ?»

«ይሄኛው አጭር ነው።»

«መርፌውስ የገበያ ቀን እንደሆነ ነው?»

«እንደሆነ ነው።»

«እንግዲያ ነጭ ሽንኩርቴንም ይዤ እመጣለሁ» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።